«ባይከፍሉስ?»፦ የፊሊፒንስ ሠራተኞች የባሕር ማዶ ውል ከ1906 እስከ 2024

ለሥራ ባሕር ማዶ የሚሻገር ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ይከፍላሉ?» ብሎ ነው። «ባይከፍሉስ?» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ውሉ ከተፈረመ፣ ሻንጣው ከተጫነ በኋላ ነው። ዜጎቻቸውን በሕግና በሥርዓት ወደ ውጭ ሥራ በመላክ ፊሊፒንስን የሚያህሉ አገሮች ጥቂት ናቸው። ማኒላ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አላጣችም፤ የደመወዝ ወለል ደንግጋለች፣ ውል አጽድቃለች፣ ከዐረብ ነገሥታት ጋር ሳይቀር በዋጋ ተከራክራለች። ለሁለተኛው ጥያቄ የሰጠችው መልስ ግን በአዋጅ አንቀጾችና በፍርድ ቤት መዝገቦች ውስጥ ተበታትኖ ነው የሚገኘው። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው እርሱን ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሸንኮራ አገዳ ነው። ዲሴምበር 20 ቀን 1906 «ዶሪክ» የተባለችው መርከብ ሆኖሉሉ ስትደርስ 15 ፊሊፒናውያን ሠራተኞች አሳፍራ ነበር። ያስመጣቸው የሃዋይ ስኳር አምራቾች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ጃፓናውያን ሠራተኞቹ ደመወዝ ይጨመርልን እያሉ ስላስቸገሩት ሌላ ጉልበት ይፈልግ ነበር። ፊሊፒንስ ደግሞ ከ1898 ወዲህ በአሜሪካ እጅ ስለነበረች ሰዎቿን ከሃዋይ የሚያግድ የኢሚግሬሽን ሕግ አልነበረም። በቀጣዮቹ 40 ዓመታት ከ100,000 በላይ ሰዎች የእነዚያን 15 ሰዎች መንገድ ተከተሉ። አብዛኞቹ ከሰሜን ሉዞን፣ ከኢሎኮስ አካባቢ የተነሡ ወጣት ወንዶች ነበሩ፤ ሳካዳ ይባላሉ።

የሳካዳው ውል የሦስት ዓመት ነበር። በእነዚያ ሦስት ዓመታት 720 ቀን የሠራ የመመለሻ መሳፈሪያው ይከፈልለታል፤ ያላሟላ ከኪሱ ከፍሎ ይመለሳል፣ ከሌለው እዚያው ይቀራል። በ1920 መነሻ ክፍያው በቀን 77 ሳንቲም ነበር። በወር 26 ቀን አንድም ሳያጓድል የሠራ ሰው 20 ዶላር ያገኛል ማለት ነው። ጉርሻም ነበረው፤ ጉርሻው ግን በስኳር ገበያና ሠራተኛው በወሩ ውስጥ በሠራው ቀን ብዛት ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር የታመመ ሰው የሚከስረው ሁለት ጊዜ ነው፤ የቀረባቸው ቀናት ክፍያም ይቀራል፣ ጉርሻውም ይቀራል። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ በኦዋሁ ደሴት የነበሩ ፊሊፒናውያን በፓብሎ ማንላፒት መሪነት ሥራ አቆሙ፤ ጃፓናውያኑም ተከተሏቸው። የጠየቁት በቀን 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር። አሠሪዎቹ የመለሱላቸው በቤት በኩል ነው። ሠራተኛው የሚኖርበት ቤት የእርሻው ንብረት ስለሆነ ወደ 12,000 የሚጠጉ ሰዎች ከነልጆቻቸው ውጡ ተባሉ፤ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ኢንፍሉዌንዛም ገና አልበረደም ነበር።

በማኒላ በኩል ሕግ አልጠፋም። በ1915 የወጣው ሕግ ቁጥር 2486 ሰው መልምሎ ወደ ውጭ የሚወስድ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣና ግብር እንዲከፍል ያስገድድ ነበር። ቆይቶም ካዬታኖ ሊጎት የተባለ የሥራ ጉዳይ ኮሚሽነር ወደ ሃዋይ ተላከ። የዛሬዎቹ የሠራተኛ አታሼዎች ቀዳሚ ሊባል የሚችለው ይህ ሰው የሠራተኛውን አቤቱታ እንዲያይ ተልኮ ለእርሻ ባለቤቶቹ ወገነ። በ1924 ሁለተኛው ትልቅ አድማ ሲነሣ ለአድመኛው የቆመ ሹም አልነበረም። ሴፕቴምበር 9 ቀን በካዋይ ደሴት ሃናፔፔ በተባለ ቦታ ፖሊስና አድመኞች ተጋጭተው 16 አድመኞችና 4 ፖሊሶች ሞቱ። ማንላፒት ታሰረ፤ በኋላም ከሃዋይ እንዲወጣ ተደረገ።

በ1934 ዋሽንግተን ለፊሊፒንስ የነጻነት ቀጠሮ ስትሰጥ አብራ በሯን ዘጋች፤ በዓመት ከ50 ሰው በላይ እንዳይገባ ወሰነች። ለሃዋይ ግን እርሻው ሠራተኛ ካስፈለገው በሚል ቀዳዳ ተተወ። በ1946፣ ነጻነቱ ሊታወጅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ አምራቾቹ በዚያው ቀዳዳ 6,000 ያህል ወንዶችን አስገቡ። በዋናው የአሜሪካ ምድር የቀሩት እዚያው አረጁ። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1965 በካሊፎርኒያ ዴላኖ በላሪ ኢትሊዮንግ መሪነት የወይን ለቀማውን ካቆሙት ፊሊፒናውያን ብዙዎቹ ከጦርነቱ በፊት በወጣትነታቸው የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። በሰዓት 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም ጠየቁ። በሴሳር ቻቬዝ የሚመሩት ሜክሲካውያን ከሳምንት በኋላ ተቀላቀሏቸውና አድማው አምስት ዓመት ፈጀ፤ ዝናው ግን ለኋለኞቹ ቀረ።

እስከዚህ ድረስ ሰው የሚወስደው የውጭ ቀጣሪ ነበር። ከ1974 በኋላ ግን የሚልከው መንግሥት ሆነ።

ሜይ 1 ቀን 1974 ፈርዲናንድ ማርቆስ አገሪቱን በወታደራዊ ሕግ እየገዛ የሠራተኛ ሕጉን በፕሬዚዳንታዊ ድንጋጌ ቁጥር 442 አወጀ። የሕጉ ዋና አሳቢ የሥራ ጉዳይ ኃላፊው ብላስ ኦፕሌ ነበር። በቀደመው ዓመት መጨረሻ የነዳጅ ዋጋ ንሮ ነበር። ንረቱ ለፊሊፒንስ ዕዳ፣ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲሳይ ሆነ። እነዚያ መንገድ፣ ወደብና ማጣሪያ የሚሠራላቸው ሰው አጡ፤ ማኒላ ደግሞ ሥራ አጥ ሞልቷት የውጭ ምንዛሪ አጠራት። አዲሱ ሕግ ለምድር ሠራተኛ አንድ፣ ለመርከበኛ አንድ የመንግሥት ቦርድ አቋቋመ። የውጭ አሠሪ በቀጥታ እንዳይቀጥር ከለከለ፤ የግል መልማዮችንም ቀስ በቀስ ከገበያው እንዲወጡ አደረገ። ሁሉም የተነገረው ለጊዜው ነው ተብሎ ነው፤ የአገር ውስጥ ኢኮኖሚ እስኪያገግም ድረስ።

በ1975 በዚህ ሥርዓት የሄዱት 36,000 ገደማ ሲሆኑ ከሦስቱ ሁለቱ እጅ መርከበኞች ነበሩ። በ1983 በዓመት የሚሄደው ሰው ከ400,000 በለጠ። ይህን ያህል ሰው በመንግሥት ቢሮ መስኮት ማስተናገድ እንደማይቻል ቀድሞ ታውቆ ስለነበር በ1978 ድንጋጌ ቁጥር 1412 የግል ኤጀንሲዎችን መልሶ አስገባቸው። በ1982 ሁለቱ ቦርዶች ተጠቃለው የባሕር ማዶ ሥራ ስምሪት አስተዳደር ተመሠረተ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የመንግሥት ሥራ በዋናነት ፈቃድ መስጠት፣ ውል መመርመርና ማኅተም መምታት ሆነ።

መንግሥት ከዚህ ሁሉ ምን ይጠብቅ እንደነበር ከዲሴምበር 1982ቱ አስፈጻሚ ትእዛዝ ቁጥር 857 የበለጠ በግልጽ የሚናገር ሰነድ የለም። መርከበኛ ከመነሻ ደመወዙ 80 በመቶ፣ ምግብና መኝታ የሚቻል ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም ነርስ 70 በመቶ፣ የቤት ሠራተኛ 50 በመቶ በፊሊፒንስ ባንክ በኩል ወደ አገር ቤት መላክ አለበት ይላል። መላኩን በደረሰኝ ያላረጋገጠ ፓስፖርቱ አይታደስለትም። እዚህ ላይ ሰነዱን ቆም ብሎ ማንበብ ይገባል። አሠሪው ደመወዝ ቢከለክል ምን ይደረጋል የሚል ዝርዝር በዚህ ትእዛዝ ውስጥ የለም፤ ሠራተኛው ባይልክ ምን ይደረጋል የሚለው ግን አንድ በአንድ ተቀምጧል። በሆንግ ኮንግ ያሉ የቤት ሠራተኞች ማኅበራት ተባብረው ተቃወሙ። ቅጣቱ በ1985 ተነሣ። የፊሊፒናውያን የቤት ሠራተኞች የፖለቲካ ድምፅ ያኔ ተወለደ ቢባል ማጋነን አይሆንም። መርከበኞቹ ግን አልቀናቸውም፤ 80 በመቶው ዛሬም በመደበኛ ውላቸው ላይ አለ።

ሆንግ ኮንግ ከዐረብ አገሮች የተለየች ነበረች። ለውጭ አገር የቤት ሠራተኛ የሚከፈለውን አነስተኛ ደመወዝ ከ1973 ጀምሮ የምትደነግገው ራሷ ናት፤ ውሉ የሁለት ዓመት፣ ቅጹም አንድ ዓይነት ነው፤ የተበደለች ሠራተኛ የምትከስስበት ችሎት አለ። ስለዚህ የፊሊፒንስ ሴቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚመኟት ከተማ ሆነች። ወለሉ ግን ሲነሣ ብቻ ሳይሆን ሲወርድም ታይቷል። በ1998 በወር 3,860 የሆንግ ኮንግ ዶላር የነበረው በእስያ የገንዘብ ቀውስ ሰበብ በ1999 ወደ 3,670 ዝቅ አለ። በ2003 ደግሞ 400 ዶላር ተቀንሶ 3,270 ሆነ። በዚያው ዓመት መንግሥት በእያንዳንዱ አሠሪ ላይ በወር 400 ዶላር ግብር ጣለ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆናቸው በአጋጣሚ ነው ብሎ ያመነ ሠራተኛ ካለ በሰልፉ ላይ አልተገኘም። በ2024 ወለሉ 4,990 ደረሰ፤ ከ26 ዓመት በኋላ የተጨመረው 1,130 ዶላር ብቻ መሆኑ ነው። ችሎቱም ቢሆን ገደብ ነበረበት። ከ1987 ጀምሮ ውሏ የተቋረጠባት ሠራተኛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከከተማዋ መውጣት አለባት። ክሷን ለመከታተል የቪዛ ማራዘሚያ ብትጠይቅ እንኳ በዚያ ጊዜ መሥራት አይፈቀድላትም። መብቱ ተሰጥቷል፤ መብቱን የምትጠብቅበት ጊዜ ከየት ይመጣል?

በ1988 ፕሬዚዳንት ኮራሶን አኪኖ በሆንግ ኮንግ ለተሰበሰቡ የቤት ሠራተኞች «የዘመኑ ጀግኖች» ናችሁ አለቻቸው። በዚያው ዓመት ከውጭ በሚመጣው የበደል ብዛት የተነሣ መንግሥቷ የቤት ሠራተኞች ጉዞን ለጊዜው አግዶ ነበር፤ እገዳው ብዙ ሳይቆይ ለሆንግ ኮንግ፣ ቀጥሎም ለሌሎች አገሮች ተነሣ። ጀግና ብሎ መሸኘትና አትሂዱ ብሎ መከልከል በአንድ ዓመት ውስጥ መገናኘታቸው በዚህ ታሪክ እንግዳ አይደለም።

ማርች 17 ቀን 1995 ሲንጋፖር ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የተባለችውን ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ በስቅላት ቀጣች። የተፈረደባት ሌላ ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛንና አንድ ሕፃን ገድላለች ተብሎ ነው። አገር ቤት ያለው ሕዝብ ግን ጥፋተኝነቷን አላመነም። ማኒላ አምባሳደሯን ጠራች፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ፤ ፕሬዚዳንት ፊዴል ራሞስም ጁን 7 ቀን ሪፐብሊክ አዋጅ ቁጥር 8042ን ፈረሙ። ከስቅላቱ እስከ አዋጁ ሦስት ወር አልሞላም።

የአዋጁ መግቢያ ያማረ ነው። መንግሥት የባሕር ማዶ ሥራን የኢኮኖሚ ዕድገት ማስገኛ አድርጎ አያበረታታም ይላል። አንቀጽ 10 ደግሞ ለማኒላ ጠበቆች ትልቅ መሣሪያ ሆኗል፦ የውጭ አሠሪው ውል ቢያፈርስ ሠራተኛውን የላከው የማኒላ ኤጀንሲ አብሮ ተጠያቂ ነው። ሪያድ ወይም ታይፔ ሄዶ አሠሪን መክሰስ ለድሃ የማይታሰብ ስለሆነ ኤጀንሲውን በደጁ መያዝ ብልህ መላ ነበር። ነገር ግን በዚያው አዋጅ መንግሥት ቁጥጥሩን በአምስት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲተው የሚያዝዙ ሁለት አንቀጾች ገቡ፤ የተሻሩት በ2007 ነው። በአንቀጽ 10 መሐልም አንዲት ሐረግ ተሰነቀረች። ያለአግባብ የተባረረ ሠራተኛ የቀረውን የውል ጊዜ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ወይም ለቀረው ለእያንዳንዱ ዓመት የሦስት ወር፣ ከሁለቱ ያነሰው። ከዚያ በፊት ፍርድ ቤቶች የቀረውን ጊዜ ሙሉ ደመወዝ ይፈርዱ ነበር።

ሐረጓ ሥራ ላይ ስትውል ምን እንደምትመስል የአንድ መርከበኛ መዝገብ ያሳያል። ሰውየው ለ12 ወር የተቀጠረው በዋና መኮንንነት፣ በወር 1,400 የአሜሪካ ዶላር መነሻ ደመወዝ ነው። ማርች 19 ቀን 1998፣ በሚሳፈርበት ዕለት፣ ሁለተኛ መኮንን የሚያደርገውና ደመወዙን ወደ 1,000 የሚያወርደው ሌላ ውል አቀረቡለት። እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ወደ ዋና መኮንንነት እንመልስሃለን አሉት። ሻንጣውን ይዞ ወደብ የቆመ ሰው ምን ይላል? ፈረመ። ቃላቸውን ሳይጠብቁ ሲቀሩ በሁለተኛ መኮንንነት አልቀጥልም አለ፤ ሜይ 26 ቀንም ወደ አገሩ ተመለሰ። ከውሉ 9 ወር ከ23 ቀን ይቀረው ነበር። በዋናው ውል ቢሰላ ከ13,000 ዶላር በላይ ነው። የሥራ ክርክር ኮሚሽኑ የፈረደለት የሦስት ወር መነሻ ደመወዝ፣ 4,200 ዶላር፣ በላዩም 45 ዶላር የደመወዝ ልዩነት ነው። ሰውየው ሐረጓን ራሷን ከሰሰ።

መንግሥት በክርክሩ ሐረጓን የተከላከለበት ምክንያት ሊዘለል አይገባም። ተጠያቂነቱ ካልተገደበ ኤጀንሲዎች ይጎዳሉ፣ ኤጀንሲ ከተጎዳ ሥራ ፈላጊው ይጎዳል የሚል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማርች 24 ቀን 2009 ይህን አልተቀበለም። አገር ውስጥ የሚሠራ የኮንትራት ሠራተኛ ያልተጣለበት ጣሪያ በባሕር ማዶው ላይ ብቻ መጣሉ እኩልነትን ይጥሳል ብሎ ሐረጓን ሻረ፤ ለሰውየውም የቀረው 9 ወር ከ23 ቀን ሙሉ ደመወዝ ተፈረደለት። ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በማርች 2010፣ ምክር ቤቱ ያወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 10022 ሕግ ሆነ። የተሻረችው ሐረግ ቃል በቃል ተመልሳ ገብታበታለች።

ፍርድ ቤቱ ሐረጓን ሁለተኛ ለመሻር አመቺ መዝገብ ያገኘው በ2014 ነው። ባለጉዳይዋ በጁን 1997 በታይዋን ፋብሪካ በጥራት ተቆጣጣሪነት ለአንድ ዓመት፣ በወር 15,360 የታይዋን ዶላር የተቀጠረች ሴት ናት። ለኤጀንሲው 70,000 ፔሶ ከፍያለሁ ብላለች። ጁን 26 ቀን ሥራ ስትጀምር ጨርቅ ቆራጭ አደረጓት። ጁላይ 14 ቀን ያለማስጠንቀቂያ ተባረሽ አሏት፤ ፓስፖርቷን ተቀብላ ወዲያው እንድትዘጋጅ ነገሯት። ደመወዟን ስትጠይቅ የሠራሽው 9,000 ነው ተባለች፤ ከዚያ ላይ 3,000 ለአውሮፕላን ትኬት ተቆረጠባት። እንደ ቃሏ ከሆነ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍላ ሄዳ የተመለሰችው 6,000 የታይዋን ዶላር ይዛ ነው። ፍርድ ቤቱ በኦገስት 2014 ኤጀንሲው የቀረውን የውሏን ጊዜ ደመወዝ ሙሉ በሙሉ እንዲከፍላት ወሰነ፤ ሕገ መንግሥት የጣሰ ሐረግ በአዲስ አዋጅ ተደግሞ ስለተጻፈ ነፍስ አይዘራም አለ። ሦስት ሳምንት ላልሞላ ሥራ 17 ዓመት ክርክር። ተስፋ ሳትቆርጥ እዚያ የደረሰች አንዲት ሴት ናት፤ በመንገድ የቀሩትን መዝገቡ አይቆጥራቸውም።

ወደ ደመወዙ ቁጥር እንመለስ። በ2006 ክረምት በሊባኖስ ጦርነት ሲነሣ ፊሊፒንስ በሺዎች የሚቆጠሩ የቤት ሠራተኞቿን አውጥታ ወሰደች። ተመላሾቹ ስለ አሠሪዎቻቸው የተናገሩት በማኒላ ቁጣ ቀሰቀሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲስ ደንብ ወጣ። የቤት ሠራተኛ አነስተኛ ደመወዝ ከ200 ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር፣ ዝቅተኛ ዕድሜ 23 ዓመት፣ የሙያ ምስክር ወረቀት ግዴታ፤ ኤጀንሲም ከሠራተኛዋ የማስቀጠሪያ ክፍያ እንዳይቀበል። ክፍያውን ከሠራተኛዋ ወደ አሠሪው ማዞሩ ከሁሉ የበለጠው ቁም ነገር ይመስለኛል፤ ዕዳ ይዛ የሄደች ሴት ጥላ መምጣት አትችልምና። ገበያው ግን መላ አያጣም። ለማኒላ የሚቀርብ የ400 ዶላር ውል አለ፤ ስትደርስ የምትፈርመው ሌላ ውል አለ። ክፍያውም ሥልጠና፣ ሕክምና፣ ብድር በሚል ስም ተመልሶ መጣ።

በ2011 ሳዑዲ ዐረቢያ ቁጥሩን አልቀበልም አለች። ከጁላይ 2 ጀምሮ ለፊሊፒንስና ለኢንዶኔዥያ የቤት ሠራተኞች ቪዛ መስጠት አቆመች። ይህ ክርክር እኛም ቤት ገብቷል። የሳዑዲ ኤጀንሲዎች ምትክ ካገኙባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ከፊሊፒናዊቷ ባነሰ ደመወዝ፣ የውል ጥበቃውም ገና ባልጠነከረበት ጊዜ። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ ጅዳና ሪያድ ከበረሩት እህቶቻችን መካከል ከማኒላ ጋር በተነሣ የዋጋ ክርክር የተከፈተ ቦታ እየሞሉ መሆናቸውን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። በኦክቶበር 2012 ሳዑዲ ከፊሊፒንስ ጋር ታረቀች፤ በሜይ 2013 የተፈረመው ስምምነት ወለሉን በ400 ዶላር፣ ማለትም በ1,500 ሪያል አጸና። በዚሁ በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ከ100,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን አባረረች፤ አዲስ አበባም የውጭ ጉዞውን አገደች። እገዳው የተነሣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ከወጣ በኋላ ነው። እርሱም ኤጀንሲ 100,000 የአሜሪካ ዶላር ዋስትና እንዲያስይዝ ጠየቀ። «ባይከፍሉስ?» የሚለው ጥያቄ በእኛም ሕግ ውስጥ ዘግይቶ ነው የገባው።

የፊሊፒንስን ድል ማጋነን ግን አያስፈልግም። በ2018 አንዲት ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ ኩዌት ውስጥ ተገድላ አስከሬኗ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተገኘ፤ ማኒላ እንደገና አገደች፣ ከሦስት ወር በኋላ ተደራደረች። የስምምነቱ ዋና ነጥቦች ሠራተኛዋ ስልኳን እንድትይዝ፣ ፓስፖርቷም በአሠሪው እጅ እንዳይቀመጥ የሚሉ ነበሩ። ከ1974 በኋላ 44 ዓመት ቆይቶ ድርድሩ ስልክ ላይ ነበር።

የነርሶቹ ታሪክ ሌላ ገጽታ አለው፤ ሰው ለምን እንደሚሄድ የሚያስረዳው እርሱ ነው። በ2002 የወጣው የነርሶች ሕግ የመንግሥት ነርስ መነሻ ደመወዝ በእርከን 15 እንዲሆን ደነገገ። መንግሥት በጀት የለም ብሎ አልከፈለም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱ በ2019 ድንጋጌው ጸንቶ ይኖራል፣ ገንዘቡን የሚመድበው ግን ምክር ቤቱ ነው አለ። እርከን 15 ሥራ ላይ የዋለው በ2020 ነው፤ ወለሉ 32,053 ፔሶ ሆነ። 18 ዓመት የሚከፈል ደመወዝ ሳይከፈል ሲቀር ያልከፈለው የውጭ አሠሪ አልነበረም። በዚያው 2020 ወረርሽኙ ሲገባ መንግሥት ነርሶቹን አትሂዱ አላቸው፤ ቀጥሎ በዓመት 5,000 ብቻ ይሂዱ አለ። በፌብሩዋሪ 2021 የሥራ ሚኒስቴሩ ብሪታንያና ጀርመን ክትባት ከሰጡ ገደቡን ለማንሳት ፈቃደኛ ነኝ ሲል በይፋ ሐሳብ አቀረበ። ለንደን ለሥራ ቅጥርና ለክትባት ግንኙነት የለኝም አለች።

በዲሴምበር 2021 ፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱቴርቴ የስደተኛ ሠራተኞች ሚኒስቴርን የሚያቋቁመውን አዋጅ ቁጥር 11641 ፈረሙ። ለጊዜው ተብሎ የተጀመረው ነገር ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ሆነ። በ2022 ሚኒስትር ሆና የተሾመችው ሱዛን ኦፕሌ የብላስ ኦፕሌ ልጅ ናት፤ የሾሟት ፕሬዚዳንትም የማርቆስ ልጅ ናቸው። አባቶቹ የከፈቱትን ቢሮ ልጆቹ ተረከቡት። ሚኒስትሯ የተጎዱ ስደተኞችን በመርዳት የታወቀች ነበረች፤ በሥራው ላይ ዓመት እንደቆየች በኦገስት 2023 ዐረፈች።

በ2023 በውጭ የሚሠሩ ፊሊፒናውያን 2 ሚሊዮን 160 ሺህ ያህል ነበሩ፤ ከአምስቱ አንዱ ሳዑዲ ዐረቢያ ነበር። በ2024 በባንክ በኩል የገባው ገንዘብ 34.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ደረሰ፤ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 8 በመቶ በላይ ነው። ያን የማርቆስ ዘመን ስሌት በገንዘብ ሚዛን ከለካነው ተሳክቷል።

በሴፕቴምበር 2024 ትንሹ ማርቆስ የመርከበኞችን መብት የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 12021 ፈረሙ። የሥራ ሰዓትን፣ ሕክምናንና ወደ አገር መመለስን የሚመለከቱት አንቀጾቹ ጥሩዎች ናቸው። የመርከብ ባለቤቶች ለዓመታት የጎተጎቱት አንቀጽም ገብቷል። መርከበኛ ተከራክሮ የካሳ ፍርድ ካገኘ በኋላ አሠሪው ይግባኝ ካለ፣ በክርክር ላይ ያለውን ገንዘብ ለመውሰድ ዋስትና ማስያዝ ያለበት መርከበኛው ነው።